የሞንፓዚዬ መስፈሪያ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ወደምትገኘው ሞንፓዚዬ የሄድኩት ግንብ ለማየት ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1284 የቆረቆራት ይህች የተመሸገች መንደር፣ መንገዶቿ በገመድ የተለኩ ያህል ቀጥ ያሉ ናቸው። ዛሬም ከቆሙት ሦስት በሮቿ በአንዱ ገብቼ አደባባዩ ስደርስ ግን፣ ዓይኔ አሮጌው የገበያ ዳስ ሥር ቀረ። የጥንቶቹ የእህል መስፈሪያዎች እዚያው አሉ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። እህል ስትቸረችር ቁናዋን ሞልታ ከሰፈረች በኋላ አንድ እፍኝ ትመርቅ ነበር። አንድ ቀን ገዢ ፊት፣ «እማዬ፣ እንዲህ እየሰጠሽ መቼ ያልፍልናል?» ብዬ ተቆጣኋት። ዝም አለችኝ።

ጠላትን ግንብ ይመልሰዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይበድል ግን መስፈሪያው ሁሉ የሚያየው ቦታ መቀመጥ ነበረበት። «አሁን ገባኝ» የምላት እናቴ ዛሬ የለችም።