ስኪንስ በሚወረውርበት ቀን

ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ወደ ፒትስበርግ ጠዋት በአውቶቡስ ተሳፈርኩ። ትኬቱ 42 ዶላር፣ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ፔንሲልቬንያ ስንገባ ዳገቱ በዛ፣ ካፊያውም አልተለየንም። ከተማዋ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየችኝ ቢጫ ድልድዮቿን ነው፤ አሌጌኒና ሞኖንጋሂላ ወንዞች እዚህ ተገናኝተው ኦሃዮን ይፈጥራሉ። ምሳዬ ሳንድዊች ነበር፣ የተጠበሰው ድንችና ጥቅል ጎመኑ እንደ ማባያ ከጎን ሳይሆን ከሥጋው ጋር ዳቦው ውስጥ ገብቶ ቀረበልኝ፣ በሁለት እጅ ይዤም አፈሰስኩት።

በነጋታው የከተማዋ ቤዝቦል ቡድን፣ የፓይሬትስ፣ ወርዋሪ የፖል ስኪንስ ተራ ነበር። ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ በየአምስት ስድስት ቀኑ አንዴ ነው የሚሰለፈው፣ እኔም ቀኑን አስልቼ ነው የመጣሁት። የክሌመንቴ ድልድይ በጨዋታ ቀን ለመኪና ይዘጋል፤ 30 ቁጥር ማሊያ ከለበሰው ሕዝብ ጋር በእግሬ ተሻገርኩ። ከስታዲየሙ ወንበሮች ወንዙና የመሀል ከተማው ፎቆች ፊት ለፊት ይታያሉ። ዝናቡ አባርቷል፣ ወንበሩ ግን እርጥብ ነው።

ስኪንስ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ባለ ሪዝ ወጣት ነው። ከመወርወሪያው እስከ መቺው 18.44 ሜትር ነው፣ ኳሱ ደግሞ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከእጁ ሲወጣ አየሁ፣ ጓንት ውስጥ ሲጮህ ሰማሁ፣ መሀሉን ግን አላየሁትም።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ታሪኩን ከኮሌጅ ዘመኑ ጀምረው አወጉኝ። መጀመሪያ የአየር ኃይል አካዳሚ ዕጩ መኮንን ነበር፣ ይወረውራልም፣ ይመታልም፣ ኳስም ይቀልባል። ሦስተኛ ዓመት ከጀመረ የውትድርና ግዴታ ስለሚይዘው እያዘነ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ2023 እዚያ 209 መቺዎችን በስትራይክ አሰናብቶ ቡድኑ በኦማሃ ሻምፒዮን ሲሆን የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በዚያው ሐምሌ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ፓይሬትስ ከሁሉም ተጫዋች አስቀድሞ መረጠው፣ የፊርማ ክፍያውም 9.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አላጣደፉትም። በዚያ ዓመት በታችኛው ሊግ ያስወረወሩት ሰባት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) እንኳ አይሞላም፤ ዋናውን ሊግ የተቀላቀለው በግንቦት 2024 ነው። እኔ ባየሁት ጨዋታም ጥንቃቄው አልቀረም፦ ሰሌዳው ላይ የውርወራው ብዛት ከውጤቱ እኩል ይታያል፣ ሰዉም ይቆጥራል። ዘጠና ሲጠጋ አሰልጣኙ አስወጡት። ደህና እየወረወረ ለምን ብዬ ስጠይቅ አዛውንቱ ሳቁ፦ በሐምሌ 2024 ሚልዋኪ ላይ ሰባት ኢኒንግ አንድም ሰው በንጹሕ ሳይመታበት፣ በ99 ውርወራ ነው የወጣው። የክንድ ጅማት ከተቀደደ ከዓመት በላይ ያስተኛል አሉኝ። ምክንያቱ ገባኝ፤ እንዲህ በልክ የሚሰጥን ደስታ መልመድ ግን ከበደኝ።

በመመለሻዬ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል። ቁርስ ቤት ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፦ ከ2029 በኋላ ስኪንስ የፈለገው ቡድን ጋር መፈረም ይችላል፣ ታዲያ ፓይሬትስ ያን ያህል ይከፍላል? አንዱ ይከፍላል አለ፣ ሌላው የቡድኑ ባለቤት ቦርሳ ሲከፈት አይቼ አላውቅም አለ። ሒሳቤን 14 ዶላር ከፍዬ ስወጣም አልተስማሙም፤ ቀጣዩ ተራው መቼ እንደሆነ ስጠይቅ ግን ሁለቱም በአንድ አፍ መለሱልኝ።