ተሳቢ ቤት ሲታዘዝ

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የምትገኘው ኤልክሃርት ከመኪና ኋላ እየተሳቡ የሚሄዱ ቤቶችን የሚሠሩ ፋብሪካዎች የበዙባት ከተማ ናት። አልጋውንና ማድቤቱን አስከትሎ ለመጓዝ የሚሻ ቤተሰብ ቤቱን ሲያዝ የተጨማሪ ዕቃዎች ዝርዝር ይቀርብለታል። ታዲያ የትኛው ይመረጥ?

መጋረጃና ቴሌቪዥን ኋላም ይገዛሉ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው የኤሌክትሪክ መስመርና የብርድ መከላከያው ግን ቤቱ ገና ሳይሠራ መታዘዝ አለባቸው። ሁለት የአየር ማቀዝቀዣ ለሚያስፈልገው ባለ 30 ሳይሆን ባለ 50 አምፔር መስመር ይበጀዋል። ትርፍ ጎማም አይዘንጋ።

ከሁሉ በላይ ክብደቱ ይታሰብ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ ለልብስና ለስንቅ ከሚፈቀደው ጭነት ላይ ይቀነሳል፤ 150 ሊትር ውሃ ብቻውን 150 ኪሎ ነው። ከልክ በላይ የተጫነ ተሳቢ ጎማው ሊፈነዳ፣ ቁልቁለት ላይም ፍሬን ሊያስቸግር ይችላል።

በዚያ አገር የሚኖሩ እናት ከሆኑ የተለጠፈውን የጭነት ልክ ሳያነቡ ቤቱን አይረከቡ፤ በሚስበው መኪና ውስጥ የሚቀመጡት ልጆችዎ ናቸውና።