ቫልቮላ ወይስ ብሬከር? የልደታ ሰው አስተያየት

በራሳቸው እጅ ትንሽ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ለዓመታት የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ የኤሌክትሪክ መስመሩ በቫልቮላ (ፊውዝ) ይጠበቅ ወይስ በብሬከር?

«ይሄ ምን አገባን?» እንዳትሉኝ። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። «ፀሐይ» እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ተሠርታለች። አስመላሽ ዘፈሩም ራሱ የሠራትን ኬ-570ኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለማብረር ሞክሯል፤ ባትነሳለትም። ደግሞስ ጥያቄው የየቤታችንን ግድግዳ የሚነካ ነው።

ሁለቱም የሚጠብቁት ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሳል። ከዚያ በፊት መስመሩን ይቆርጣሉ። ልዩነታቸው ቫልቮላ አንዴ ቀልጦ ይቀራል፤ ብሬከር ግን ተመልሶ ይጫናል።

የብሬከር ወዳጆች «አብራሪው አየር ላይ እያለ መልሶ ያበራዋል» ይላሉ። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት ሴስና 310 በበረራ ላይ የመቃጠል ሽታ አመጣች፤ የአየር ጠባይ ራዳሯም ጠፋ። አብራሪው ብሬከሩን ስቦ አጠፋው፣ ችግሩንም ጽፎ አስረከበ። ሳትጠገን በማግስቱ በረረች። ብሬከሩ ሳይመለስ አልቀረም። እሳት ተነሳ፤ አውሮፕላኗ መኖሪያ ቤቶች ላይ ወደቀች። 5 ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ መሬት ላይ የነበሩ ናቸው።

ስለዚህ ለትንሽ አውሮፕላን ቫልቮላን እመርጣለሁ፤ ሞተሩን የሚያኖረው መስመር መጠባበቂያ እስካለው ድረስ። ሬዲዮ ቢጠፋ አርፎ ማየት ይሻላል።

ቤት ውስጥ ግን ፍርዴ ይገለበጣል። እዚህ የሚፈትነን ቫልቮላው ነው። ሲቃጠል ሱቅ ከመሄድ ይልቅ የመዳብ ሽቦ የሚያስርበት ሰው ብዙ ነው። ያ ሽቦ አይቀልጥም፤ በምትኩ ግድግዳ ውስጥ ያለው ይግላል። ብሬከር ይህን ያስቀራል።

የራሱ ፈተና ግን አለው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይስባል። በእኛ ኮንዶሚኒየም ምጣድና ምድጃ በአንድ መስመር ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ የጎረቤት ምክር ሁልጊዜ «ትልቁን አስገባበት» ነው። 16ቱ ወጥቶ 32 ይገባል። ሽቦው ግን ያው የድሮው ነው፤ አልወፈረም።

የምመርጠው እንግዲህ ዕቃውን አይቼ ሳይሆን የሰውን እጅ አይቼ ነው። አየር ላይ እጅ እንዳይመልሰው፣ ቤት ውስጥ እጅ እንዳያስረው።

ብሬከር ሲወርድ ተበላሸ አትበሉ፤ ሥራውን ሠርቷል። የሰካችሁትን ነቅላችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። ደግሞ ከወረደ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ሳይቃጠል በቅጠል!