ባሕር የሌለው የወለጋ መፀው

ጥቅምት ገብቶ አዲስ አበባ ያለው ሰው "በጥቅምት አንድ አጥንት" እያለ ጋቢውን ሲከናነብ፣ ነቀምቴ ያለው ዘመዱ ገና ጃንጥላውን አልሰቀለም። ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል፣ አሥር ሰዓት ገደማ ነጎድጓድ ያጀበው ዝናብ ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ኮከብ ይወጣል። ስልክ ስንደዋወል "ቆመላችሁ?" "የት ይቆማል!" መባባል የየዓመቱ ወጋችን ነው።

ይህን የምጽፈው የበጋ ወቅት ትንበያ በተነገረ ቁጥር አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ። በዚህ አከፋፈል ጥቅምት የበጋ መክፈቻ ነው። "ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ" የምትለዋን ሐረግ ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። ለጎንደርም ለመቀሌም ለደብረ ብርሃንም ባብዛኛው ትሠራለች። ለነቀምቴ፣ ለጊምቢ፣ ለሻምቡ፣ ለደምቢ ዶሎ ግን ቢያንስ እስከ ኅዳር አጋማሽ አትሠራም። ለእኛ የሚቀርበው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው የሚለው የአባቶች ቆጠራ ነው፤ ክረምቱ በአንድ ሌሊት አይዘጋም፣ እያመነታ ነው የሚወጣው።

ኢንስቲትዩቱ ይህን አያውቅም ማለቴ አይደለም። በመግለጫው ውስጥ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ዝናብ እንደሚያገኙ የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። ችግሩ መግለጫው ዜና ሲሆን መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ መሆኗ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዝናብ የሚያመጣው የአየር ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ መጀመሪያ የሚነካው ደቡብ ምዕራቡንና ምዕራቡን ነው፤ ወደ ደቡብ ሲመለስም መጨረሻ የሚለቀው እነሱኑ ነው። ስለዚህ የወለጋ ዝናብ መጋቢት አካባቢ ጀምሮ ነሐሴ ላይ ይከብድና ጥቅምትና ኅዳር ድረስ ይንጠባጠባል። ነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌሎችም የተጎዱ አካባቢዎች ብዙ ቤተሰብ ነቅሎ ወደ ወለጋ ቆላዎች ሲያሰፍር፣ ያ ሰፈራ ያስከተለው ጣጣ ሌላ ሆኖ፣ ስሌቱ የቆመው በዚህ ዝናብ ላይ ነበር።

ታዲያ ዝናቡ ከየት ይመጣል? ትምህርት ቤት የተማርነው ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደን ነው የሚለውን ነው። የኋላ ጥናቶች ደግሞ ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳውና በቀይ ባሕር ላይ ከሰሜን የሚገባው እርጥበት ድርሻ ከታሰበው በላይ ትልቅ መሆኑን ያሳያሉ። የትኛውም ሚዛን ቢደፋ፣ ነቀምቴ ገበያ ላይ የሚወርደው ጠብታ አንድ ቦታ ላይ ባሕር ነበረ። ትንበያ አቅራቢው ካርታው ፊት ቆሞ ስለ ፓስፊክና ስለ ህንድ ውቅያኖስ የገጽ ሙቀት ማውራት ሲጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ የምንቀንስ ሰዎች የምንዘለው የራሳችንን ጉዳይ ነው።

ለመፀው ዋናው ባሕር የህንድ ውቅያኖስ ነው። በደህናው ጊዜ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ውሃ ይሞቃል፣ በሶማሊያ በኩል ያለው ቀዝቀዝ ይላል። አንዳንድ ዓመት ይህ ይገለበጣል። የእኛ ወገን ሲሞቅ ደመናው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይጠጋል፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ዝናብም ከልክ ያልፋል። ባለሙያዎቹ አዎንታዊ ዳይፖል ይሉታል። የፓስፊክ ውሃ የሚሞቅበት ኤልኒኞ ከተጨመረበት ደግሞ ክረምቱ በሰሜንና በምሥራቅ ይሳሳና በጋው ይረጥባል፤ ዝናቡ የጠፋበትን ወቅት ባልተጠራበት ወቅት ሊክስ የመጣ ይመስላል።

ምሳሌ አይጠፋም። በ1990 ዓ.ም. መፀው (እ.ኤ.አ. በ1997) ኃይለኛው ኤልኒኞና የህንድ ውቅያኖስ ሙቀት ተገጣጥመው በጥቅምትና በኅዳር የወረደው ያለ ወቅቱ ዝናብ በብዙ የአገሪቱ ክፍል የደረሰ የመኸር ሰብል አበላሽቷል። በ2012 መፀው በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከታዩት ጠንካራ ዳይፖሎች አንዱ መጣ፤ ጎርፉ ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቀለቀ፣ እርጥበቱም ለበረሃ አንበጣ ግጦሽ ሆነ። (አንበጣው ራሱ የባሕር ልጅ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ማዕበሎች ከአረብ ባሕር ተነስተው በአረቢያ በረሃ ላይ ያወረዱት ዝናብ ነው ያፈላው።) በ2016 መፀው ደግሞ ዋቤ ሸበሌ ገንፍሎ ሶማሌ ክልልን አጥለቀለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። የዳይፖሉ በትር በቀጥታ የሚያርፈው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ላይ ነው። በዋቤ ሸበሌ ዳር ያለችው ጎዴ ስትጥለቀለቅ ነቀምቴ ትጥለቀለቃለች ማለት አይደለም። ወለጋ የሚደርሰው ዳርዳሩ ነው፤ መውጣት የነበረበት ዝናብ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ወይም ከወጣ በኋላ ተመልሶ ለሦስት ቀን ይጥላል። በሚሊ ሜትር ሲለካ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ 2,000 ሚሊ ሜትር ለለመደ አገር 40 ሚሊ ሜትር ምን አላት? ነገር ግን ሐምሌ ላይ የወረደ 40 ሚሊ ሜትር ሌላ፣ ኅዳር 10 ቀን የወረደ 40 ሚሊ ሜትር ሌላ ነው።

ጊምቢ አካባቢ በቡና ወቅት የተገኘ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ቀይ እሸቱ ተለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። የወለጋ ቡና ብዙው ሳይታጠብ ከነልጣጩ የሚደርቅ ነው፤ እንደ ፀሐዩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ እርጥበቱ ከመቶ ወደ 11 እና 12 እስኪወርድ። በየጊዜው በእጅ ይገለበጣል፣ የተሰነጠቀውና ጥሬው ይለቀማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእንዲህ ያለ አልጋ አጠገብ ቆሜ ደመናው ሲመጣ አንድ ጎረምሳ ላስቲኩን ይዞ ሮጠ። "አዴ፣ ልሸፍነው?" አላቸው የቡናውን ባለቤት ሴትዮ። "ቆይ ልጄ፣ ገና ትኩስ ነው፣ ይታፈናል" አሉት፣ መዳፋቸውን ቡናው ውስጥ አስገብተው። ፀሐይ ያሞቀው እሸት ወዲያው በላስቲክ ከታፈነ ያልበዋል፣ ላቡ ሻጋታ ይሆናል፣ ሻጋታው ቀማሹ አፍ ላይ ይደርሳል። ቀደም ብሎ መሸፈን ያበላሻል፣ ዘግይቶ መሸፈንም ያበላሻል። የሴትየዋ ዓመት የሚወሰነው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ጤፍም እንዲሁ ነው። የደረሰ ጤፍ ላይ ዝናብና ንፋስ አብረው ሲመጡ ይተኛል፤ የታጨደው ነዶ ላይ ከዘነበ ደግሞ እዚያው ይበቅላል ወይም ይጠቁራል። በአንገር ሸለቆና በዲዴሳ ቆላ ያለው ሰሊጥ ሲደርስ ከረጢቱ ይከፈታል፣ ስለዚህ ቀኑን ጠብቆ መታጨድና ታስሮ መቆም አለበት፤ በዚያ ሰሞን የመጣ ዝናብ ግማሹን መሬት ላይ ያራግፈዋል። በቆሎ ይሻላል፣ ቆሞ ይጠብቃል። እሱም ቢሆን በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ነቀዝና ሻጋታ አይምረውም። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ግብርና ቢሮዎች "የደረሰ ሰብላችሁን ፈጥናችሁ ሰብስቡ" የሚሉት፣ ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ማጭድ ይዞ ለዘመቻ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ወለጋ የራሷ "የመርከብ ወቅት" የነበራት ጊዜ እንዳለ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዝ ባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ እንድትከፍት ተፈቀደላት፤ ጋምቤላ የሆነችው ያች ናት። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች በክረምቱ ሙላት ወራት እስከዚያ ይወጡ ነበር። የሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ቡናና ሰም በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ ይጫናል፤ ጨውና አቡጀዲ ይወጣል። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች በጋምቤላም በጎሬም በሳዮም ሱቅ ከፍተው ነበር። መርከቦቹን ያንሳፈፋቸው ደግሞ የእኛው ዝናብ ነው፤ ባሮ የሚባለው ከወለጋ በኩል የሚመጣው ብርብር ከገባ ወንዝ ጋር ሲገናኝ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወንዙ ይጎድላል፣ የመጨረሻው መርከብ በጊዜ ካልተመለሰ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ቡናው የሚለቀመው ግን ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው! ስለዚህ የዘንድሮ ቡና ቀጣዩን ክረምት በመጋዘን ይጠብቅ ነበር። የመፀው ዝናብ መቼ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ያኔ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ለመርከብ አዛዡም ትልቅ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ጋምቤላ ሱዳን ነጻ እስከወጣችበት ዘመን ድረስ በዚህ ሁኔታ ቆየች።

ዛሬ ቡናው የሚወርደው በአስፋልት፣ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጅቡቲ ነው። እዚያም ቢሆን ባሕሩ አልተወንም፤ ከኅዳር 2016 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ የጭነቱም የኢንሹራንሱም ዋጋ ተሰቅሎ ነበር። በሰሜን ምዕራባችን ደግሞ ዲዴሳና ዳቡስ የሚገቡለት አዲስ ውሃ ተፈጥሯል፤ የህዳሴው ግድብ ንጋት ሐይቅ ሲሞላ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዓሣ አስጋሪና ጀልባ በበዛበት ቁጥር የንፋስና የሞገድ ትንበያ የሚጠይቅ ሰው በዚያ በኩል መምጣቱ አይቀርም። ጣናም ላይ እኮ ይህ ጥያቄ የቆየ ነው።

ወደ ገበሬው ልመለስ። የወቅት ትንበያ የሚነገረው በዕድል መጠን ነው። ለምሳሌ "ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20" ይባላል። ይህ "ይዘንባል" ማለት አይደለም፤ ዳኛው ገና አልፈረደም። ዜናው ግን "ዘንድሮ ከፍተኛ ዝናብ ይጠበቃል" ብሎ ፍርዱን ያነበዋል። ሳይዘንብ ሲቀር ገበሬው "ዋሹን" ይላል፣ በሚቀጥለው ዓመት አይሰማም። አልፈርድበትም።

ለወለጋ መፀው የወቅቱ ድምር ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ። ባሕሩ የሚነግረን ዝንባሌውን ነው፣ ዘንድሮ ዝናቡ ሊዘገይ ይችላል ወይም በጊዜ ሊወጣ ይችላል የሚለውን። እሱ በመስከረም ሲደርስ ላስቲክ ለመግዛት፣ አልጋ ለመጨመር፣ ቀድሞ የሚደርሰውን ማሳ ለመለየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአሥር ቀኑና የሦስት ቀኑ ትንበያ ነው፤ የሚያጭደውና ቡና የሚያሰጣው ሰው የሚፈልገው ቀን ነው። ይህ ደግሞ "ምዕራብ ኦሮሚያ" በሚል ጥቅል ስም ሳይሆን ቢያንስ ደጋውን ከቆላው ለይቶ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሬዲዮና በስልክ መድረስ አለበት። ገበሬዎች በነጻ የሚደውሉበት 8028 የሚባል የግብርና መስመር አለን፤ ስለ ዘርና ማዳበሪያ የሚመክር ድምፅ "ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ አትጨዱ" ለማለት ምን ያቅተዋል? ኔትወርክ ሲኖር ነው እርግጥ። ባለፉት ዓመታት በብዙ የወለጋ ቀበሌዎች ስልክም መንገድም ሲዘጋ ከርሞ ስለ ሦስት ቀን ትንበያ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር እረዳዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የመፀው ጉዳት በዚያው ዓመት አያልቅም። የቡና ዛፍ ደረቁን ወራት በእንቡጥ ተኝቶ ይጠብቅና የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥልለት ከሳምንት በላይ ብዙም ሳይቆይ ያብባል፤ በወለጋ ይህ ከጥር መጨረሻ ወዲህ ቢሆን ነው የሚመረጠው። ዝናቡ ታኅሣሥ ላይ ከመጣ የደረሰው እንቡጥ ይፈነዳል፣ የቀረው ይቆያል፣ ከዚያ የካቲት ላይ ሌላ ዙር ያብባል። በሚቀጥለው ጥቅምት አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ አብሮ ይቆማል፤ ቀዩን ብቻ ለመልቀም ወደ አንዱ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ፣ ለለቃሚም ሦስት አራት ጊዜ መክፈል ይጠይቃል። አቅም የሌለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያራግፈዋል፣ ነጋዴውም ጥሬ ተቀላቅሎበታል ብሎ ዋጋውን ይጥላል።