ስለ ጎማ፣ ስለ ልጄ እና ስለ አንድ የድሮ ጥያቄ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ጎማ ነው የምጽፈው። የሳቀ ይሳቅ። የድሮ ተማሪዎቼ ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ፤ ከእናንተ መካከል ለአንዱ ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ።

ባለፈው መስከረም፣ ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። ድምጿ ቀጥኗል። «አባዬ፣ መኪናው ዞረብኝ» አለችኝ። ከ395 ወደ ቤልትዌይ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ፣ የመኪናው ኋላ አምልጧት ተሽከርክራ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ሣሩ ላይ ቆማለች። ማንንም አልነካችም፣ ማንም አልነካትም። ከኋላዋ የነበረው የጭነት መኪና ነጂ ርቀቱን ጠብቆ ይነዳ ስለነበር ቆሞላታል። የማላውቀው ሰው ነው፣ ዕድሜ ይስጠው።

እኔ አባት ተብዬው ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ግን «ተጎዳሽ ወይ?» አልነበረም። «በስንት ነበር የምትነጂው?» ነው ያልኳት።

«በሠላሳ አምስት» አለች።

አላመንኳትም። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ፍጥነት ሰበክኳት። የፊዚክስ መምህር ያለበት ቤት ስብከቱ ከነቀመሩ ነው የሚመጣው፤ «ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናውን መታጠፊያው ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል» እያልኩ እራት ጠረጴዛ ላይ በሹካ ሳልኩላት። ቀመሩ ትክክል ነው። ልጅቷም ትክክል ነበረች፤ ያንን ያወቅኩት ግን ቅዳሜ ነው።

መኪናውን ታውቁታላችሁ፣ ፎቶውን ስንቴ ለጥፌባችኋለሁ። ባለ አራት በር፣ ጀርመን ሠራሽ፣ 2016 ሞዴል፣ ሁለት ሊትር ባለ ቱርቦ፣ የኋላ ጎማው የሚገፋ። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ለራሴ ደስታ ብዬ የገዛሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ለባለቤቴ «ነዳጅ ቆጣቢ ነው» ብያት ነበር። አላመነችኝም፣ ግን ዝም አለች። ከአሌክሳንድሪያ ሮክቪል ድረስ በየቀኑ 27 ማይል ሄጄ 27 ማይል እመለስበታለሁ። በሳምንት 270 ማይል መሆኑ ነው። ማታ ማታ ልጄ ለሥራ ትወስደዋለች።

እኔ ደግሞ የመኪና አያያዝ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ኮምፒውተሩ ዘይቱ እስከ 10,000 ማይል ይቆያል ቢለኝም በየ5,000 አስቀይራለሁ። ፊልትሮው፣ ካንዴላው፣ በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይቱ፣ ሁሉም ቀኑና ማይሉ በደብተር ተጽፏል፤ አንዳንዱ በቀይ እስክሪብቶ (ልማድ ነው)። እሑድ እሑድ ይታጠባል። ጎማውንም አየዋለሁ። ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ከውጭ በኩል። ጥርሱ አለ። በቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎሚስታ ወሰድኩት። (እዚህ ጎሚስታ ብትሉ የሚገባው ሰው የለም፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።) እውነቱን ለመናገር የወሰድኩት ለማሳየት ሳይሆን ለመርታት ነው። «ጎማው ደህና ነው» የሚል የባለሙያ ቃል ይዤ ልመለስና ለልጄ ላሳያት።

መኪናው ሊፍት ላይ ወጣ። ልጁ ገና ወጣት ነው፤ ከስር ሆኖ ቀና ብሎ ትንሽ አየ፣ ምንም አልተናገረም፣ በእጁ ጠራኝ። ገባሁ። የግራው የኋላ ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ በሁለት ጣት ስፋት፣ ጥርስ የሚባል ነገር የለም። ሙልጭ ብሏል። ሙልጭ ማለቱ ሳያንስ ሽቦው ወጥቷል፤ ቀጫጭን፣ የሚያብረቀርቅ። የቀኙም እዚያው ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ልጁ ያንኑ ጎማ በውጭ በኩል ለካልኝ፦ 5/32 ኢንች። ሕጉ ቢያንስ 2/32 ነው የሚለው። ማለትም እኔ እጄን አጣምሬ የማየው ጎን ከሚፈለገው እጥፍ በላይ ጥርስ ነበረው።

ከስር ወጥቼ ከዳሽቦርዱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣሁ። ሰኔ ላይ ዘይት የቀየሩልኝ ሰዎች የሰጡኝ ነው። «የኋላ ጎማ፣ ውስጠኛ ጠርዝ» የሚለው መስመር ላይ ቀይ ምልክት አለ። ያኔ አይቼዋለሁ። «ጎማ ሊሸጡልኝ ነው» ብዬ አጥፌ ከተትኩት። እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ዘይት ልትቀይሩ ገብታችሁ ይሄም ያም ይቀየር ይሏችኋል፣ እናንተም «አይ፣ ዘይቱን ብቻ» ማለት ትለምዳላችሁ። አሥር ጊዜ የማያስፈልገኝን ሊሸጡልኝ ሞክረዋል። በአሥራ አንደኛው እውነታቸውን ነበር። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራም (የእኛ ቦሎ በሉት) ጥር ላይ አልፎልኝ ስለነበር ልቤ ሞልቶ ነበር። ከጥር እስከ መስከረም ስንት ማይል እንደሆነ ግን እናንተው አባዙት።

ልጄም ከአደጋው ሳምንት በፊት «አባዬ፣ ዝናብ ላይ ኋላው ይዋኛል» ብላኝ ነበር። «ቀስ ብለሽ ንጂ» አልኳት።

ለምን ውስጡ ብቻ አለቀ? እዚህ ላይ ጠመኔ ስጡኝ።

እንደነዚህ ያሉ ለፍጥነት የተሠሩ ሴዳኖች የኋላ ጎማቸው ከላይ ወደ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ካምበር ይሉታል። ምክንያት አለው፤ መኪናው ሲታጠፍ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ያኔ ያ ዘንበል ያለው ጎማ ቀጥ ብሎ መንገዱን በሙሉ ደረቱ ይይዛል። ችግሩ እኔ በሳምንት 270 ማይል የምነዳው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው። ለመታጠፊያ የተሠራ እግር ቀጥታ ሲራመድ ውስጠኛውን ጠርዝ ይረግጣል። የጫማችሁን ተረከዝ ገልብጣችሁ እዩ፣ እንደዚያው ነው።

ካምበር ብቻውን ግን በዚህ ፍጥነት አይበላም። ዋናው በላተኛ ጎማው የሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ ቶ ይሉታል። ጎማው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ካላየ፣ እየተሽከረከረ በጎንም ይፈገፈጋል። አላይመንት መለኪያው ላይ ሲወጣ የግራው ኋላ በግማሽ ዲግሪ ተጣሟል፤ እግሩን የያዘው ጎሚኒ አርጅቶ ለቅቋል። ግማሽ ዲግሪ ምን አላት አትበሉ። የግማሽ ዲግሪ ሳይን 0.0087 ነው። ማለትም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ የጎን ፍግፈጋ። ከቤቴ ሮክቪል ድረስ 43 ኪሎ ሜትር ነው፤ 370 ሜትር ገደማ። ጎማውን በየጠዋቱ 370 ሜትር አስፋልት ላይ በጎኑ እንደ መጎተት ቁጠሩት። ማታ ደግሞ መመለሻ አለ።

ሌላም አለ። ተራ መኪና ላይ በየ5,000 እስከ 7,500 ማይሉ የፊቱ ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ይቀያየራል። የኔ አይቻልም፤ የፊቱ 225/45፣ የኋላው 255/40 ነው፣ ስፋታቸው ይለያያል። ስለዚህ መበላት የጀመረው ጎማ እዚያው ሆኖ ይጨርሳል። ከዚያ ይልቅ የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ ጎማ ለመቀያየር ሲፈታ አንድ ሰው የግድ ውስጡን ያያል። የኔን ማንም አልፈታውም፣ ማንም አላየውም።

ዝናቡ ሲመጣ እንግዲህ ጥርስ ሥራው ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ነው። መውጫ ያጣ ውሃ ጎማውን ከመንገዱ ያነሳዋል። የፊቶቹ ጎማዎች ደህና ስለነበሩ ፊቱ መንገዱን ያዘ፣ ኋላው ለቀቀ፤ መኪና እንደዚያ ሲሆን ነው የሚዞረው። ሠላሳ አምስት ይበቃል።

ወደ ዕዳዬ ልምጣ። በ1994 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ሰበቃ እያስተማርኩ ነው። ሰሌዳው ላይ ኤፍ እኩል ይሆናል ሚው ሲባዛ ኤን ብዬ ጻፍኩና «የመነካኪያው ስፋት ቀመሩ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ለውጥ አያመጣም» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ የውድድር መኪና ጎማ ለምን ሰፊ ሆነ?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ሲገባኝ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ውድድር ስትገባ ትደርስበታለህ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

ቅዳሜ ዕለት አራት ጎማ አዝዤ ስጠብቅ፣ ያ ግድግዳ ላይ የተደረደረ ሰፊ ጎማ ሁሉ ያንን ጥያቄ እየጠየቀኝ ነበር። እነሆ መልሱ፣ በጣም ዘግይቶ። ቀመሩ ለእንጨትና ለብረት ጥሩ ግምት ነው፤ ላስቲክ ግን አይታዘዘውም። ላስቲክ ለስላሳ ስለሆነ በመንገዱ ጥቃቅን እብጠቶችና ስንጥቆች መካከል እየገባ ይይዛል። ክብደቱን በእጥፍ ብትጨምርበት መያዙ እጥፍ አይሆንም፣ ከእጥፍ ያንሳል፤ ሚው ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ያንኑ ክብደት ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስትዘረጋው የበለጠ ይይዛል። በዚያ ላይ የውድድር ጎማ የሚሠራበት ላስቲክ በጣም ለስላሳ ነው፤ ጠባብ ቢሆን ቶሎ ግሎ ቶሎ ባለቀ። የጎማው ጎን ላይ የድካም ቁጥር ተጽፏል፤ 200 የሚለው ይይዛል ግን ቶሎ ያልቃል፣ 500 የሚለው ይቆያል ግን እንደዚያ አይነክስም። እኔ 500 የሚለውን ገዛሁ። ከ900 ዶላር በላይ ወጣ፣ ከነአላይመንቱ። ጎሚኒው ለብቻው ነው፣ እሱን አታንሱት።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከኔ ትምህርት የተሻለ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ስገባ ልጄ ኩሽና ውስጥ ነበረች። የጎማውን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት። «በሠላሳ አምስት ነበር የነዳሽው» አልኳት። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ሽቦ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እሺ» ብላ ሻይዋን ይዛ ወጣች። ሁለት ቀን የሰበከ ሰው በአንድ ፎቶ ይቅር አይባልም፣ አልፈረድኩባትም። መኪናውን እስከ ኅዳር አልነካችውም፤ በአውቶቡስ ነበር የምትሄደው። ዝናብ በጣለ ቁጥር እኔ መስኮት ላይ ነኝ።

ለሚጠይቁኝ፣ አሁን የማደርገው ይሄ ነው። በወር አንድ ጊዜ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ የፊቱን ውስጥ አያለሁ፤ ለኋላው መሬት ላይ ተኝቼ በስልክ መብራት። ሳንቲም እከታለሁ፦ የአንድ ሳንቲሟ ሊንከን በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ ሲገባ አናቱ ከታየ ጎማው ከ2/32 በታች ነው፣ አለቀ ማለት ነው። በኳርተር የዋሽንግተን አናት ከታየ ከ4/32 በታች ነው፤ ሕጉ ባይከለክልም ዝናብ ላይ አልተማመንበትም። ሦስት ቦታ ነው የሚለካው፣ ውስጥ፣ መሐል፣ ውጭ። ነፋሱን ጠዋት ሳይነዳ እለካለሁ፤ ልኩ የነጂው በር ላይ የተለጠፈው ነው እንጂ ጎማው ላይ የተጻፈው አይደለም፣ እሱ ከፍተኛው ነው። ዳሽቦርድ ላይ የሚበራውን የጎማ መብራት አትጠብቁ፤ ነፋሱ በሩብ ያህል ጎድሎ ነው የሚበራው። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ፤ 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሁለት ጎማ ብቻ የምትገዙ ከሆነ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ፣ መኪናው በየትኛውም ጎማ ቢገፋ።

ልጄ አሁን ትነዳዋለች። ባለፈው እሑድ ጋቢዬን ለብሼ ደጅ ስወጣ እግሯ ብቻ ከመኪናው ስር ወጥቶ አየሁ። «ግራ ኋላ ውስጡ ዘጠኝ ነው፣ ውጩም ዘጠኝ» ብላ ከስር ጮኸችልኝ። ደብተሩን አምጥቼ ጻፍኩ።

አንተ ከኋላ ወንበር የጠየቅከኝ ልጅ፣ ስምህን ረስቼዋለሁ፣ ይቅርታ። በስተቀኝ በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው፤ አረንጓዴ ሹራብ ነበረህ። ይሄን የምታነብ ከሆነ ጻፍልኝ። የዚያን ክፍል ልጆች የምታውቁም ካላችሁ አድርሱልኝ።