ጎማዬ በማን አቆጣጠር?

መኪናዬን ካራ ሰፈር የማያውቃት የለም። ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳላ! ቀይ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። ዕድሜዋ ገፋ ቢልም ነዳጅ ሲረገጥባት ትረሳዋለች። እኔም እንዲሁ። (ችግሩም እዚያ ላይ ነው።)

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎማ ስቀይርላት የተጨነቅሁት ለመልኳ ብቻ ነበር፤ ሰፊ ይሁን፣ ጎኑ ስስ ይሁን፣ ቸርኬውን አጉልቶ ያሳይ። አንድ ነጋዴ ጥርሳቸው ያልተነካ፣ የሚያብለጨልጩ አራት ጎማዎች አወጣልኝ። ጎናቸው ላይ «3514» ይላል። «የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዓመቱ ናቸው፤ የ14 ምርት ነው» አለኝ። በሆዴ አሰላሁት፤ 2014... ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላውም! ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ሐምሌ መጣ። አንድ ማለዳ ከካራ ወደ መገናኛ እየወረድኩ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አስፋልቱ ጭቃ ተለስኗል። አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው መንገድ ገቡ። ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ መኪናዋ ግን እንደ ሳሙና ትንሸራተታለች። የቆመችው አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ነው።

ወርጄ «እማማ፣ ይቅርታ» ከማለት በቀር አፌ አልታዘዘልኝም። አልተሳደቡም። ሸክማቸውን ሳያወርዱ፣

«ልጄ፣ እኔ ይህን ተሸክሜ መሮጥ አልችልም» አሉኝና ተሻገሩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀጥታ ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ሄድኩ። ጋሼ ጎማውን በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉና «ይሄ እንጨት ነው እንጂ ጎማ ነው እንዴ? ለበረባሶም አይሆን!» አሉ። ቁጥሩን ሳሳያቸው ደግሞ ሳቁብኝ። «አንተ፣ ይሄ'ኮ በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው!»

እውነት ነው። የ2014 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሳምንት፤ በእኛ ነሐሴ 2006። ጎማዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር! ላስቲክ ደግሞ ቢነዳም ባይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል። የጎማ ጥርስ ውሃ ይጠርጋል እንጂ የደረቀ ላስቲክ አያለሰልስም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጎማ ማንበብ ያዝኩ። እናንተዬ፣ ለካስ የተሳሳትኩት ዓመቱን ብቻ አይደለም፤ ወቅቱም የእኛ አይደለም! ፈጣን መኪኖች የሚጫሙት አብዛኛው ጎማ «የበጋ» ይባላል። ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየጠጠረ መንገድ መያዝ ያቅተዋል። ካራ ላይ ያ ብርድ የሚመጣው መቼ ነው? ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ፣ ማለትም በእኛው በጋ! «የክረምት» የሚባለውም ለእኛ ሐምሌ የተሠራ አይደለም፤ ለፈረንጅ በረዶ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ወደ አዋሽ ሙቀት ቢወርዱበት ቶሎ ያልቃል።

እኔ የመረጥኩት መካከለኛውን፣ «ኦል ሲዝን» የሚሉትን ነው። ለካራ ብርድም፣ ለክረምት ዝናብም፣ ለአዋሽ ሙቀትም ይበቃል። በየትኛውም አንደኛ አይወጣም፤ ደረቅ ኩርባ ላይ እንደ ስፖርት ጎማ አይጣበቅም፣ መሪውም ትንሽ ይዘገያል። ይዘግይ!

ልኩንም ቀየርኩ። ከ225/45 አር 17 ወደ 205/55 አር 16 ወረድኩ። የጎማው ጠቅላላ ቁመት የሚለያየው በ2 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ጎኑ ግን ወፈር ስለሚል ጉድጓድ ቸርኬ አይሰብርብኝም። (ትንሹ ቸርኬ ፍሬኑን እንደማይነካ ጋሼ አስቀድመው ለክተዋል።) አዲሱ ጎማ «91ቪ» ይላል። አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። በኮተቤ መጨናነቅ ውስጥ 240! በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ የገዛችሁም ይህችን የሸክም ቁጥር እዩዋት። ባትሪው ከባድ ነው።

ጓደኞቼ «መኪናህን አሮጊት አስመሰልካት» ይሉኛል። ይበሉ። እንጨት ተሸካሚ እናቶች መንገድ ሲገቡ አሁን ከሩቅ እቆማለሁ። መሮጥ የማይችሉት እነሱ ናቸው፤ መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ።

እና ወዳጄ፣ ጎማ ስትገዛ ቸርኬውን ከማየትህ በፊት አራቷን ቁጥር አንብብ። ሰባት ወይም ስምንት መቀነስም አትርሳ።