ከጅሬን ኮረብታ እስከ ሂርማታ ገበያ



በዚህ ጽሑፋችን ይዘናችሁ የምንጓዘው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ጅማ ነው። በእረፍት ቀናት ቁርኣን ከምናስቀራቸው ተማሪዎች መካከል ከፍ ከፍ ያሉትን ይዘን፣ የሱብሒን ሶላት እንደሰገድን ጉዞ ጀመርን። ወልቂጤን አልፈን፣ የጊቤን በረሃ ቁልቁል ወርደን ሽቅብ ስንወጣ አገሩ አረንጓዴ ለብሶ ተቀበለን። ሰኮሩና አሰንዳቦ ወደ ኋላችን ቀሩ። ጅማ የገባነው ዙህር ካለፈ በኋላ ነበር።

የተማሪዎቻችን ጉጉት የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየት ነው። ስለዚህ ጊዜ ሳናጠፋ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የጅሬን ኮረብታ አመራን።

የጅሬን ጌቶች

ቤተ መንግሥቱ በአመዛኙ የእንጨት ሥራ ነው። ሰገነቱ ላይ የቆመ ሰው የጅማን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ያያል። ከአጠገቡ ደግሞ መስጊድ አለ። ሥልጣንና ኢባዳ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ቦታ ነው።

ጅማ ከሊሙ ኢናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር በጊቤ አካባቢ ከተመሠረቱት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1830 ጀምሮ የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር እስልምናን ተቀበሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ለ54 ዓመታት ነገሡ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ። በዙሪያቸው የነበሩ አገሮች በጦርነት ሲፈርሱ ጅማ ከጥፋት ተረፈች። ዑለማዎችን አስጠጉ፣ መድረሳዎችም ተስፋፉ። ከሩቅ አገር ዒልም ፈላጊ ወደ ጅማ ይጎርፍ ጀመር። ዛሬም በየመስጊዱ የሚቀራው ዒልም የዚያ ዘመን በረከት አለበት።

ይህን ለተማሪዎቻችን ስንነግር፣ እውነቱን ለመናገር፣ በኩራት ነበር። ደረታችንን ነፍተን ነበር ማለት ይቻላል።

የሐሙስ ገበያ

በማግሥቱ ወደ ከተማው ወረድን። ሂርማታ የሚለው ስም ዛሬም በጅማ ከተማ የሰፈር መጠሪያ ነው። በዚያ ዘመን ግን የታላቁ የሐሙስ ገበያ ስም ነበር። በደራበት ጊዜ እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ተጽፏል። ገበያውና ንግዱ የሚተዳደረው በንጉሡ ነጋድራስ ነበር። በየድንበሩም ቀረጥ የሚሰበሰብባቸው ኬላዎች ነበሩ።

ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ከደቡብና ከምዕራብ ይመጣል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ማርትሬዛ ብር ይገባል። የነጋዴው ቅፍለት አንድም በጎጃም በባሶ ገበያ አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይዘልቃል፤ አንድም በሸዋ አልፎ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ታጁራ ይወርዳል። የአላህ ቃል በእነዚህ መንገዶች ላይ ከነጋዴዎች ጋር ተጓዘ። ወደ ጊቤ ምድር እስልምናን ያደረሱት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቅፍለት ውስጥ ሌላም «ሸቀጥ» ነበር። እርሱም ሰው ነው። ከከፋ፣ ከየም፣ ከዳውሮና ከኮንታ፣ እንዲሁም ከኦሮሞው ምድር በጦርነት የተማረኩ፣ በሌሊት የተሰረቁ፣ በዕዳ የተያዙ ወንዶችና ሴቶች፣ ይልቁንም ልጆች፣ በገበያው ይሸጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 የሆነውን እናውሳ። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕርን ወደ ዐረብ አገር ሊሻገሩ የነበሩ ጀልባዎችን ያዘ። በውስጣቸው ከ200 በላይ ኦሮሞዎች ተገኙ፤ የሚበዙት ልጆች ነበሩ። ወደ ዐደን ተወሰዱ። ከእነርሱም 64ቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ከመካከላቸው ቢሾ ጃርሳ የምትባል ልጅ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን በመታገሉ በሮበን ደሴት አሥር ዓመት ታሰረ።

የተማሪው ጥያቄ

ይህን ስናወራ ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ ገና አሥራ አራት ዓመት ያልሞላው፣ «ኡስታዝ፣ የጀልባዎቹ ባለቤቶች ሙስሊሞች አልነበሩም እንዴ?» አለን።

ወዲያው መልስ አልመጣልንም። «ክርስቲያኑም ይነግድ ነበር» ማለት ይቻላል፤ እውነትም ነው። የባሶና የጎንደር ገበያ ምስክር ነው። አውሮፓውያን በአትላንቲክ በኩል ከ12 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያንን ጭነዋል ማለትም ይቻላል፤ እርሱም እውነት ነው። ነገር ግን የሌላው ጥፋት የእኛን አያጥብም። ልጁም የጠየቀው ስለ ሌላው አልነበረም።

ወደ ጅሬን ተመልሰን ዐስርን ስንሰግድ አንድ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። ልጁ ጥያቄውን ደገመላቸው። እርሳቸውም ሙሰብሓቸውን እየቆጠሩ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ሐሙስ ገበያ ነበር፣ በማግሥቱ ጁሙዓ ነው። ሐሙስ ሰው የሸጠ ጁሙዓ መጀመሪያው ሰፍ ላይ ይቆም ነበር። አያቴን ከከፋ ያመጧት እንዲያ ያሉ ሰዎች ናቸው» አሉት።

«ታዲያ ሸኽዬ፣ እንዴት ሰለሙ?» አለ ልጁ።

«ዲኑን ያየችው በነጋዴው ጠባይ አይደለማ። ቁርኣኑን ሰማች፣ የቢላልን ታሪክ ሰማች። ሻጯ ያልሰማውን እርሷ ሰማች» አሉ።

እኛም ከዚህ በኋላ ልናስተምረው የሚገባንን ተማርን። ቁርኣን በሱረቱል በለድ ባሪያን ነፃ ማውጣትን ከአስቸጋሪው የመልካም ሥራ አቀበት መጀመሪያ አድርጎ ጠቅሶታል። በሱረቱ ተውባ ከዘካ ስምንት ድርሻዎች አንዱን ለባሮች ነፃነት መድቧል። መሐላውን ላፈረሰ፣ በስህተት ነፍስ ላጠፋ ማካካሻው ባሪያ ነፃ ማውጣት ሆኗል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ ከሚከራከራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እንደሆነ ተነግሯል። በሂርማታ የተሸጡት ልጆች አብዛኞቹ ከእናታቸው ቤት የተነጠቁ ነፃ ሰዎች አልነበሩምን? እንግዲህ ነጋዴው የዲኑን ስም ይዞ ዲኑን ጥሷል ማለት ነው። በሩ ወደ ነፃነት ተከፍቶ ሳለ ብዙ ሙስሊም ነገሥታትና ነጋዴዎች ለጥቅማቸው ሲሉ መዝጋታቸውን ሳንሸሽግ መናገር ይኖርብናል።

የቀረው ዕዳ

በአገራችን ቀስ በቀስ ነፃ የማውጣት አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ የሻረችው በ1962 ነበር። ወረቀቱ ተፈርሟል። ልባችንስ?

ሽማግሌው ስንሰነባበት የነገሩን ከሁሉም በላይ ከነከነን። የልጃቸው ልጅ ሶላቷን የምትሰግድ፣ የተማረች ልጅ ናት። የሚፈልጋት ወጣት ሽማግሌ ሊልክ ሲል የእርሱ ቤተሰብ «ዘሯ ምንድን ነው?» ብለው ከለከሉ። አያትዋ ከተሸጡ መቶ ዓመት አልፎ፣ ገበያው ግን በዚያ ቤት ውስጥ አሁንም አልተዘጋም!

ሰሓባው አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ሲያንጓጥጡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በውስጣቸው የጃሂሊያ ቅሪት እንዳለ ነግረዋቸዋል። የተሰደበው ቢላል እንደነበረም ይዘገባል። ኡሳማ ኢብን ዘይድ የነፃ ወጣ ባሪያ ልጅ ሆኖ ሳለ ታላላቅ ሰሓቦች ያሉበትን ጦር እንዲመራ ተሹሟል። ታዲያ እኛ የቢላልን አዛን እያወደስን የቢላልን ልጅ ለጋብቻ የምንመልሰው በየትኛው ኪታብ ነው?

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን ጅሬን ውሰዷቸው። የመድረሳውን ብርሃን አሳዩአቸው፣ ይኩሩበት። ከዚያ ግን ሂርማታንም አሳዩአቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ያላየ ልጅ ታሪኩን በግማሽ ያውቃል። በቤታችሁም ለጋብቻ የሚጠየቀው ዲንና ጠባይ ይሁን።

ስንመለስ ያ ተማሪ በመኪናው መስኮት እያየ እስከ ጊቤ ዝም አለ። በኋላ «ኡስታዝ፣ ሸኽዬ ለልጅቷ ሌላ ሽማግሌ ይመጣላቸው ይሆን?» አለን።

ኢንሻ አላህ አልነው። አላህ (ሱ.ወ.) ከጃሂሊያ ቅሪት ልባችንን ያጥራልን። አሚን።